ያለ ፈቃዱ ለተያዘ ሕመምተኛ በጎጃም፦ ከሐኪም፣ ከሽማግሌና ከፍርድ ቤት የቱን እናስቀድም?

«ወንድሜን አስረውብኛል፤ የት ልክሰስ?» የሚል ሰው ከደብረ ማርቆስም ከፍኖተ ሰላምም ፍርድ ቤት ደጃፍ አይጠፋም። ራፖር ጻፊው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ የያዘው ማን ነው? በምን ወረቀትስ? ሆስፒታል ተኝቶ «አትወጣም» የተባለ፣ ጸበል ቦታ በሰንሰለት ያለ፣ ጓዳ ገብቶ የተቆለፈበት፣ ፖሊስ ጣቢያ ያደረ፣ ዳኛ «ይመርመር» ብሎ የላከው፣ ሁሉም በእኛ አነጋገር «ታስሯል» ነው። መውጫቸው ግን ለየቅል ነው። በማይሆነው በር የገባ አቤቱታ ሳምንታት ይበላል፤ ሰውየውም እነዚያን ሳምንታት የሚያሳልፈው እዚያው በታሰረበት ነው።

አንዳንድ አገሮች ለዚህ ጉዳይ ብቻ የቆመ ጉባኤ አላቸው፤ ሐኪምና ዳኛ አብረው ተቀምጠው «ይቆይ ወይስ ይውጣ?» የሚለውን የሚወስኑበት። በአገራችን እንዲህ ያለ ጉባኤ የለም። መብቱ ግን አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነጻነቱን እንደማያጣ ይናገራል። በ2002 ዓ.ም. ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ የአእምሮ ጉዳትንም ጨምሮ፣ ጉዳቱ መኖሩ ብቻውን ሰውን ነጻነት ለመንፈግ ምክንያት እንደማይሆን በአንቀጽ 14 ያስቀምጣል። ችግሩ ይህን መብት የሚያስከብሩት በሮች ተበታትነው መገኘታቸው ነው። ስለዚህ በር በበር እንያቸው።

ሆስፒታል ከሆነ

ደብረ ማርቆስ ሪፈራል፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ አለዚያም ከሁሉም የራቀው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሊሆን ይችላል። (አቤቱታ ላይ «አማኑኤል ተወስዷል» ብላችሁ አትተዉት፤ ማቻከል ውስጥም አማኑኤል የሚባል ከተማ አለና የሆስፒታሉን ሙሉ ስም ጻፉ።)

ብዙ ሰው ሆስፒታሉን እንደ ወህኒ ቤት ያየዋል፤ «ሐኪሙ አሰረው» ይላል። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የቤተሰብ ፊርማ ነው። ሕመምተኛው ሲገባ አስታማሚ ይጠየቃል፤ አስታማሚው ወይም የቅርብ ዘመድ የፈቃድ ቅጹ ላይ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ዋርዱ የሚያዳምጠው እሱን ነው። አያ እገሌ ፈርሞ ካስገባው፣ እታለም እገሊት መጥታ «ልውሰደው» ብትል ነርሷ «የፈረመው ይምጣ» ትላታለች። ስለዚህ ሆስፒታል ላለ ሰው የመጀመሪያው ክርክር ከሐኪሙ ጋር ላይሆን ይችላል። ከራሳችሁ ዘመድ ጋር ነው። የፈረመው ሰው ሐሳቡን ከለወጠ ነገሩ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

እሱ እንቢ ካለ ወይም ሐኪሙ ራሱ «መውጣት የለበትም» ካለ፣ በቃል መለማመጡን ትታችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤው ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ይጻፍ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፤ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። በውስጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ እንዲተኛ ፈቃድ የሰጠው ማን ነው፣ በተመላላሽ መታከም የማይችለው ለምንድን ነው፣ ሁኔታው እንደገና የሚታየው መቼ ነው። ሕመምተኛው መፈረም ከቻለ ራሱ ይፈርም፤ ካልቻለ ጣቱን ያትም። የእሱ ፊርማ ያለበት ደብዳቤና የወንድሙ ፊርማ ብቻ ያለበት ደብዳቤ በኋላ ዳኛ ፊት እኩል አይታዩም።

የዚህ መንገድ ጥቅሙ ፈጣንና ርካሽ መሆኑ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሐኪሙ ጋር አለማጣላቱ ነው። ነገም መድኃኒት የምትወስዱት ከዚያው ቤት ነውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ የያዘው ቤት ራሱ ዳኛ ይሆናል፤ መልስ የመስጫ ቀን የሚያስገድደውም የለም። ሐኪሙን ካላመናችሁ ሌላ ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅ ትችላላችሁ። ደብረ ማርቆስ ያለው ሰው ባሕር ዳር ሪፈር ይጻፍልኝ ቢል ነውር የለውም። አዲስ አበባ ግን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስታማሚው የሚያድርበትን፣ የሚበላውን፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳታሰሉ «አማኑኤል ይታይልን» አትበሉ።

ከሐኪም ምክር ውጭ ፈርሞ መውጣት የሚባለው ሌላ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚመርጠው እሱን ነው፤ እኔ ብዙም አልወደውም። የሚከለክለው ሰው ስለሌለ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «በራሳችን ኃላፊነት ወሰድነው» የሚለው ወረቀት መዝገቡ ውስጥ ይቀራል፤ ሕመሙ ቢያገረሽ ጣት የሚቀሰረው በፈረመው ላይ ነው። ከዚህም በላይ በዚህ መልክ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ያለ መድኃኒት ማዘዣና ያለ ቀጠሮ ነው። የአእምሮ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ የሚመጣው የታሰረው ሰው «እብደት» ማስረጃ ሆኖ ነው። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ማዘዣውንና የቀጠሮ ካርዱን ተቀበሉ።

አንድ ነገር ለየት ይላል። ሐኪሙ «ይውጣ» ብሎ ጽፎ ሳለ በሒሳብ ምክንያት የተያዘ ሰው ካለ፣ ያ የሕክምና ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካርዱ መታደሱን አይታችሁ፣ ዕዳውን በጽሑፍ አምናችሁ፣ በዚያው ቀን ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ከሆስፒታል ጋር ከሚደረጉ ክርክሮች ሁሉ ለአመልካች እጅግ የሚቀለው ይሄ ነው።

ጸበል ወይም ቤት ከሆነ

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ጎጃም ውስጥ ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃዱ የሚያዘው እዚህ ነውና።

ግሽ ዓባይን የመሰለ ቦታ ከሩቅ የሚመጣ ሕመምተኛ ያስተናግዳል። ከዚያ ያነሱ፣ ስማቸው ከወረዳው የማይወጣ ጸበሎች ደግሞ በየአጥቢያው አሉ። ዘመድ ሕመምተኛውን ያመጣል፤ እንዳይሸሽ ወይም ሰው እንዳይመታ እግሩን ያስራል፤ ጎጆ ተከራይቶ አብሮት ይሰነብታል። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። አረቄ የጎዳው፣ ቅኔ ቤት ሳለ «አብሾ ጠጥቶ ነው» የተባለለት፣ ከስደት ተመልሶ ዝም ያለ፣ ልክፍት ነው የተባለ፣ ሁሉም ምሰሶ ሥር ሊገኝ ይችላል። አሳሪው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። አብዛኛው እናት ወይም ታላቅ ወንድም ነው፤ የደከመው ሰው ነው። ከሳሽም ተከሳሽም አንድ እንጀራ የሚበሉ ናቸው።

ስለዚህ እዚህ ሽምግልና ቀዳሚ ቢሆን አልቃወምም። ነገር ግን ሽማግሌውን ምረጡት። የያዘው ሰው የሚፈራው ወይም የሚያከብረው የንስሐ አባት ቢኖርበት፣ ከጤና ጣቢያው አንድ ባለሙያ ወይም የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብትታከል፣ ከሴት ወገንም አንድ ትልቅ ሰው ብትቀመጥ ንግግሩ ይለወጣል። ብዙ አባቶች «ጸበሉንም ውሰድ፣ መድኃኒቱንም ዋጥ» ይላሉ፤ ይህን ቃል ከእነሱ አፍ ማስባል ከአንድ የሕግ ደብዳቤ የበለጠ የሚሠራበት ቤት አለ። የምትጠይቁትንም አሳንሱት። «ከጸበል አውጡት» ማለት ቤተሰቡን ከእምነቱ ጋር ማጣላት ነው። «ሰንሰለቱ ይውለቅ፤ ጸበሉን እየተጠመቀ በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ይታይ» ማለት ግን እሺ የሚባል ነገር ነው። ጤና ጣቢያዎች ላይ ለአእምሮ ሕመም መሠረታዊ ሕክምና የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ሁሉም ሰው ሪፈራል መድረስ የለበትም።

የሽምግልናው ጉድለት የታሰረውን ሰው አለመጠየቁ ነው። ሽማግሌ ቤተሰብ ያስታርቃል፤ የታሰረው ግን ጉዳዩ እንጂ ባለጉዳይ አይደለም። ቡናው ተጠጥቶ፣ ምርቃቱ ተመርቆ ሰንሰለቱ እዚያው ሊያድር ይችላል። ከመቀመጣችሁ በፊት «ነገሩ እሱ ባለበት ይነገር» በሉ። እንቢ ከተባለ የሽምግልናው ጊዜ አልቋል ማለት ነው። ቀንም ይቆረጥ፤ «እስከ ገብርኤል» ተብሎ ሰንሰለቱ ካልወለቀ ሌላ በር እንደሚንኳኳ አስቀድሞ ይታወቅ።

ሽማግሌ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። እግሩ በሰንሰለት የቆሰለ፣ ምግብ የተከለከለ፣ የሚደበደብ፣ ወይም ሴት ሆና በማታውቀው ወንድ ቁጥጥር ሥር ያለች ከሆነ ወደ ፖሊስና ወደ ወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ያለ ሕግ ሰውን ማሰር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 585 ወንጀል ነው፤ የሥጋ ዝምድና ፈቃድ አይሆንም። የዚህን ዋጋ ግን እወቁት፤ ወንድም ወንድሙን ካሳሰረ በኋላ ሕመምተኛው ሲወጣ የሚቀበለው ቤት ላይኖር ይችላል። ለዚህ ነው የወንጀል ክስን ለጭካኔና ለማጭበርበር የማስቀረው፤ ለድካም አይደለም።

ፍርድ ቤት፦ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ

ጎጃሜ ሙግት አይፈራም ይባላል፤ ይህን በር ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከቁጥር 177 እስከ 179 ያለው ክፍል ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በሕጉ መሠረት ከተሰጠ ትእዛዝ ውጭ የተያዘ ማንኛውም ሰው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ሕጉ «በመንግሥት የተያዘ» አይልም፤ አጎቱ የያዘውም ሰው ተይዟል። የሚጠራው ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ስለሆነ ምሥራቅ ጎጃም ላለው ደብረ ማርቆስ፣ ምዕራብ ጎጃም ላለው ፍኖተ ሰላም፣ አዊ ላለው እንጅባራ ነው መሄጃው።

አቤቱታው ከቃለ መሐላ ጋር ይቀርባል። በውስጡ የያዘው ሰው ስም፣ የአያያዙ ሁኔታና ቦታው፣ የሚያውቁ ምስክሮች ካሉ ስማቸው ይገባል። የታሰረው ሰው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ይምልለታል፤ ያ ሰው ግን የታሰረው መማል ያልቻለው ለምን እንደሆነ አብሮ መግለጽ አለበት። ይህችን ዐረፍተ ነገር ብዙ ጻፊዎች ይረሷታል። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ለያዘው ሰው መጥሪያ ይልካል፤ በተቀጠረው ቀን የታሰረውን ይዞ ይቀርባል፤ የማይለቅበትን ምክንያት ያስረዳል። አያያዙ ሕገ ወጥ ሆኖ ከተገኘ ዳኛው ወዲያውኑ እንዲለቀቅ ያዛል።

የዚህን በር ኃይል የሚያሳየው ከሁሉም በላይ «ይዞ ይቅረብ» የሚለው ነው። ሽማግሌ ያላየውን፣ ዳይሬክተሩ በደብዳቤ ያለፈውን ሰው ዳኛው በዓይኑ ያየዋል። ጸበል ቦታ ከሆነ መጥሪያው ላይ «ለእገሌ ቤተ ክርስቲያን» ብላችሁ አትጻፉ። ቁልፉን የያዘውን ሰው በስሙ ጥሩ፤ አለዚያ መጥሪያው ከአጥቢያ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ አያልፍም።

አሁን ድክመቱን ልንገራችሁ። ፍርድ ቤቱ በዚህ መዝገብ የሚመረምረው አያያዙ ሕጋዊ መሆኑን ነው፤ ሕመሙን አይደለም። ሆስፒታሉ «በቤተሰብ ፈቃድ፣ በሐኪም ውሳኔ ተኝቷል፤ ለራሱም ለሰውም አስጊ ነው» የሚል የሕክምና ማስረጃ ይዞ ከቀረበ ዳኛው ከሐኪም ቃል አልፎ ለመሄድ ያመነታል። ስለዚህ በሆስፒታል ላይ ከሆነ የምትሄዱት ከሦስቱ አንዱ ሲኖራችሁ ይሁን፤ ማንም ፈቃድ አልፈረመም፤ ሐኪሙ ራሱ መውጣት ይችላል ብሏል፤ ወይም ዳይሬክተሩ የጻፋችሁለትን ገቢ የሆነ ደብዳቤ ሳይመልስ ቀርቷል። በቤትና በጸበል ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሳሪው ወረቀት የለውም፤ «ለራሱ ብዬ ነው» ከማለት ሌላ የሚያቀርበው የለም። ስለዚህ በእኔ ግምት ይህ አቤቱታ የሚጠነክረው ሰው ሁሉ በሚፈራው በሆስፒታሉ ላይ ሳይሆን፣ ማንም ሊከሰው በማይደፍረው በጓዳው ላይ ነው።

ገንዘብ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ሳይከፍል፣ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ቃለ መሐላውን እነሱ ቢያዩት ይመረጣል። እንዲህ ዓይነት አቤቱታ በየቀኑ ስለማይመጣ መዝገብ ቤት «ይህ ምንድን ነው?» ሊላችሁ ይችላል። የቁጥሮቹን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አትከራከሩ፤ አሳዩ።

አንዳንድ ቤተሰብ «ወንድሜን በፍርድ ቤት ማቆም ነውር ነው» ይላል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» የሚል አገር ላይ ይህ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

መሬት ካለበት

ያልታመመ ወይም ድኖ የተነሣ ሰው «አብዷል» እየተባለ የሚያዝበት ጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ ፈልጉ የምለው የይዞታ ደብተሩን ነው። ደብተሩ በማን እጅ ነው? ማሳው ዘንድሮ በማን ተታረሰ? የኪራይ ውል ተፈርሟል?

ሦስት ነገር ተለይቶ ይታወቅ። አንደኛ፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 342 ነዋሪው ከ2,000 በታች በሆነ የገጠር ቀበሌ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና እንቅስቃሴው በዚህ ምክንያት የተገደበ ሰው እብደቱ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል ይላል። ቁጥር 341 ስለ ሆስፒታል ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። ይህ የማሰር ፈቃድ አይደለም። የሚያገለግለው በዚያ ጊዜ የተፈረመ ውል እንዲፈርስ ለመጠየቅ ነው። ወንድሙን አስሮ የመሬት ኪራይ ያስፈረመ ሰው ውሉን የሚያፈርሰውን ማስረጃ በገዛ እጁ አዘጋጅቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በፍርድ ክልከላ አለ፤ ሰውየው በራሱ ውል እንዳይዋዋልና ንብረቱን እንዳያስተዳድር ዳኛ የሚከለክልበት ውሳኔ ነው። በሽተኛው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊጠይቀው ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም ሰውየውን ሳያስመረምር አይወስንም። ሲወሰን አሳዳሪና ሞግዚት ይሾማል። «ክልከላ አለኝ» ብሎ ሰንሰለት የሚያጠብቅ ሞግዚት ግን ወረቀቱን አላነበበውም፤ ክልከላ ስለ ውልና ስለ ንብረት ነው፤ እግር ማሰርን አይፈቅድም። ምክንያቱ ሲጠፋም ይነሣል፤ ለማስነሣት የዳነበትን የሐኪም ማስረጃ ይዞ ወደዚያው ፍርድ ቤት መመለስ ነው።

ሦስተኛ፣ የክልከላ ማመልከቻ መቅረቡን ከሰማችሁ ዝም አትበሉ። ጣልቃ ገብታችሁ ሞግዚቱ ከማሳው ተጠቃሚ የሆነው ሰው እንዳይሆን ጠይቁ። ይህ በኋላ ሂሳብ ከመጠየቅ በብዙ ይቀላል።

ፖሊስና የወንጀል መዝገብ

ከመንገድ ላይ አንሥቶ ጣቢያ ያሳደረው ፖሊስ ከሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ለጉዞው ተገቢ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ካለፈ አካሉ ነጻ እንዲወጣ ማመልከት ይቻላል። ወንጀል ያልሠራ ሕመምተኛ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የጣቢያው ኃላፊ ራሱ የሚገላግለው ሰው ይፈልጋል፤ መታወቂያ የያዘ ዘመድና የጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ መሄድ ከአቤቱታ ይፈጥናል።

ዳኛ «ይመርመር» ብሎ ከላከው ወይም ኃላፊነት የለበትም ተብሎ እንዲታገድና እንዲታከም ከታዘዘ፣ በአካል ነጻ ማውጣት አትድከሙ፤ ትእዛዝ አለና ውድቅ ይሆናል። መሄጃው ያዘዘው ችሎት ነው፤ ይግባኝም አለ። የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 129 እስከ 132 እንዲህ ያለው እርምጃ በየሁለት ዓመቱ እንዲታይና ምክንያቱ ሲቀር እንዲቆም ያስቀምጣል። ሁለት ዓመቱን መጠበቅ ግዴታ አይደለም፤ የሐኪም ማስረጃ ካላችሁ ዛሬም አመልክቱ። ተከላካይ ጠበቃ ካለው በእሱ በኩል ይሁን።

ባሕር ዳር ላይ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም ቅርንጫፎች አሉ። አይፈቱም፤ ይጠይቃሉ፣ ይጎበኛሉ፣ ይጽፋሉ። ለአንድ ሰው አስቸኳይ መውጫ ሆነው አይታዩኝም። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሰው በመጥፎ ሁኔታ ከተያዘ ግን ከእነሱ የሚሻል የለም።

ዘመዳችሁ እንግሊዝ አገር ከተያዘ

ከደጀን ወይም ከዳንግላ ሆኖ «ልጄ ለንደን ሆስፒታል ተቆልፎባታል» ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ስላለ ይህን ልጨምር። እዚያ መግቢያው ላይ ያነሣሁት ዓይነት ጉባኤ አለ። በ1983 (እ.ኤ.አ.) የአእምሮ ጤና ሕግ መሠረት በክፍል 2 የተያዘ ሰው እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ ለጉባኤው የሚያመለክተው ግን በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ውስጥ ነው። በክፍል 3 የተያዘ እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ያመለክታል። ጉባኤው ዳኛ፣ የአእምሮ ሐኪምና ሌላ ልምድ ያለው አባል ያሉት የሦስት ሰው ችሎት ነው፤ ለተያዘው ሰው ጠበቃው በነጻ ነው። «የቅርብ ዘመድ» ተብሎ በሕግ የተለየው ሰው የ72 ሰዓት ማስታወቂያ ሰጥቶ እንዲለቀቅ ማዘዝ ይችላል፤ ሐኪሙ አስጊ ነው ብሎ ካልከለከለ በቀር። ሕጉ እየተሻሻለ ስለሆነ ቀኖቹን ጠበቃው ያረጋግጥላችሁ። ከጎጃም ሆኖ የሚረዳ ሰው ሥራው ሁለት ነው፤ ልጅቷ ጠበቃና የአማርኛ አስተርጓሚ እንድትጠይቅ በስልክ መንገር፣ ከዚህ ቀደም ታክማ ከነበረ ማስረጃውን መላክ። ስለ ልጅነቷ የሚጻፍ ረጅም የምስክርነት ደብዳቤ ግን ብዙ አይጠቅምም፤ ችሎቱ የሚጠይቀው ዛሬ ያለችበትን ሁኔታና ብትወጣ የት እንደምትኖር ነው።

ባትከራከሩ የሚሻልበት ጊዜ

ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ፣ ለቀናት ያልበላና ያልጠጣ፣ ትኩሳት ይዞት የሚቃዥ፣ አስተናግር ወይም ሌላ መርዛም ነገር በልቶ የሚንቀጠቀጥ፣ ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ ኖሮ አረቄውን በድንገት አቁሞ የሚያንዘፈዝፈው ሰው ሆስፒታል ይቆይ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የአእምሮ ሕመም እንኳ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሊገድሉ ግን ይችላሉ። ክርክራችሁን ለሳምንቱ አቆዩት፤ ፈቃድ የፈረመውን ስም ብቻ ዛሬ መዝግቡ።

ፍርድ ቤቱ «ይለቀቅ» ሲል የሚመጣውን ቀንም አስቀድማችሁ አሰናዱ። ማን ቤት ያድራል? የወር መርፌ የሚወስድ ከሆነ የሚቀጥለው መቼና የት ነው? ዳኛው ፊት «ቦታ አለው፣ ቀጠሮም አለው» ብሎ መመለስ መቻል ውሳኔውን ያቀልለታል። የትእዛዙን ግልባጭ ሁለት አስደርጉ፤ አንዱ ከሕመምተኛው ጋር ይሁን፤ ሌላውን ለቀበሌው ፖሊስ ስጡ፤ ያው ወንድም በሚቀጥለው ወር ሰንሰለት ይዞ ከመጣ ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።